ለእያንዳንዱ አሳማ ሳን ማርቲኑ ይደርስለታል

ባለፈው እሑድ ማድሪድ ውስጥ ቡና ላይ ተሰብስበን፣ አንዱ ልጅ የመኖሪያ ፈቃዱ መውጣቱን ነገረን። እልል ተባለ። ስፓኒሽ አቀላጥፋለሁ የሚለው ጓደኛችን ብድግ አለና «አ ካዳ ሴርዶ ሌ ዬጋ ሱ ሳን ማርቲን» (ለእያንዳንዱ አሳማ ሳን ማርቲኑ ይደርስለታል) ብሎ ጨበጠው። ለሁሉም ጊዜ አለው ማለቱ ነበር። አጠገቤ የነበረችው ስፔናዊት ቡናው ትን አላት። ልጁን እኮ «አንተ አሳማ፣ መታረጃህ ደረሰ» ነው ያለው!

ሳን ማርቲን በፈረንጆቹ ኅዳር 11 የሚከበር በዓል ነው፣ የአሳማ እርድ የሚጀመርበት ሰሞን። ይህን የተማርኩት ሳላማንካ አውራጃ ውስጥ፣ በቤሃር ተራሮች ሥር ባለችው በካንዴላሪዮ ነው። አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ አንድ የብርድ ወቅት እዚያ ከርሜያለሁ። ከባሕር ጠለል ከ1,100 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የተራራው ውኃ ዳገታማ መንገዶቿ ዳር በተሠሩ ቦዮች ሲንዶቀዶቅ ያድራል። ቤቶቹ ባለሦስት ፎቅ ናቸው፤ ድሮ ምድር ቤት ይታረድ፣ መሐል ይኖር፣ ቆጡ ላይ ቾሪሶ የሚሉት ቋሊማ ይሰቀል ነበር። ቋንጣ ሰቅሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ብርድ ሲሆን ዝንብ የለም፣ ደረቅ ነፋስ አለ። በርበሬው ደግሞ ከተራራው ወዲያ ከላ ቬራ ይመጣል፣ በእንጨት ጭስ የደረቀ። እኔ አሳማ አልበላም፣ ሽታው ግን አገሬን አስታውሶኛል።

አሮጊቷ በልጅነታቸው ሥራቸው ደሙ እንዳይረጋ በእጃቸው ማማሰል ነበር። ካስታኛ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ እየለቀሙ ያሳደጉት አሳማ ሲጮህ ጆሯቸውን በብርድ ልብስ ይደፍኑና፣ ዝም ሲል እጅጌያቸውን ሰብስበው ይወርዳሉ። «ማታ ግን በልቻለሁ» ብለው ሳቁብኝ።

እዚያ የቤቶቹ መግቢያ ላይ ከዋናው በር ውጭ ሌላ ግማሽ በር አለ፣ ባቲፑዌርታ ይሉታል። ለበረዶ ነው የሚል አለ፣ ከብት እንዳይገባ ነው የሚል አለ፣ አራጁ ከኋላው ቆሞ ከርግጫ ይጠበቅበት ነበር የሚልም አለ። እኔ ሦስተኛው ይጥመኛል። ደግሞ እርድ ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ጎረቤት በደቦ ከቤት ቤት ይዞር ነበር፤ ዛሬ የእነ እገሌ፣ ነገ የእኛ። በእኔ ግምት ተረቱ ውስጥ ያለው «ለእያንዳንዱ» የመጣው ከዚህ ወረፋ ነው። ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ በፈረንጆቹ 1615 ባሳተመው የዶን ኪኾቴ ልብ ወለድ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ስላለ የአንድ ሰፈር ተረት አይደለም ትሉኝ ይሆናል። በሉ፣ እኔ ከዚያ በር ኋላ አልወጣም።

ለማንኛውም ደስ ያለው ሰው ስታገኙ «ኤኖራቡዌና»፣ እንኳን ደስ አለህ፣ በሉት፣ በቃ። አሳማውንና ቅዱሱን ማስያዣ ገንዘቤን ለበላው አከራይ አስቀምጡልኝ።