ከቀሃ ወንዝ ዳር፦ ስለ ጎንደር የእጅ ሥራ የምንሰማቸው ስህተቶች

ጎንደር ሲባል ግንብና ጥምቀት ትዝ ይለናል። «ኢንዱስትሪስ?» ብትሉ ብዙው ሰው ዳሽን ቢራን ጠርቶ ያበቃል። ከተማዋ ግን ከቢራው በፊት ስንት ዘመን በእጅ ሥራ ኖራለች። ቆዳ የሚያለፋ፣ ክር የሚያጥብ፣ ጭቃ የሚያቦካ ሁሉ ውሃ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ነገሩን ከከተማዋ ወንዝ፣ ከቀሃ ዳር የምጀምረው።

«ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው።» ይሄ አያልቅም! አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም በፖርቱጋል በኩል የመጡትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ያባረሩት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1636 ግድም ነው። በኖራ መገንባት ከህንድ የመጣ ሙያ መሆኑ እውነት ነው። ድንጋዩን ጠርበው ከካቡት፣ እንጨቱን ከጠረቡት መካከል ግን የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩ።

«አዲስ ዓለም አዲስ ሰፈር ነው።» ስሙ ነው ያሳሳተን። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ታዘዘ። ወደ ቀሃ ግድም ወርደው ሰፈሩ፤ ያ ሰፈር ነው አዲስ ዓለም። ነጋዴውም ሸማኔውም እዚያ ነበር።

«ቀጥቃጭ ቡዳ ነው።» ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ማታ ጅብ ይሆናል ይሉታል። ማረሻውንና ማጭዱን ከሱ፣ ምጣዱን ከሚስቱ ይገዛሉ፤ ከዚያ ልጃቸውን ከዓይኑ ይሸሽጋሉ። እውነታው ቀላል ነው። ብዙ ባለሙያ መሬት አልነበረውም። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ያድራል፤ ባለ መሬቱ ደግሞ የማያውቀውን ሙያ ይፈራል። ይህ ስም ከተለጠፈባቸው ባለሙያዎች መካከል የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጓጓዘ። በቀድሞ መንደራቸው ወለቃ፣ በደባርቅ መንገድ ዳር፣ የሸክላ ምስሉ ዛሬም ይሸጣል። አንዱን አንሡና ከሥሩ ገልብጡት፤ የሠሪዋ አውራ ጣት አሻራ ይታያል።

«ፋሲል መዋኛ ለዋና ነው።» ለጥምቀት ነው የሚሞላው። ውሃው ከቀሃ በቦይ ተጠልፎ ይገባል። እንግዲህ ከላይ የጣልነው ፌስታል የት እንደሚደርስ ገምቱ።

«ወንዝ ዳር ማልማት ድንጋይ አንጥፎ መብራት መትከል ነው።» ደስ ይላል፣ አልጠላሁትም፤ ማታ ወጥቶ መንሸራሸር ማን ይጠላል? ግን ቀሃም ሌላው የከተማዋ ወንዝ አንገረብም መገጭ ወንዝ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና ሐይቅ። የአንገረብ ግድብ በደለል የተቸገረው ከላይ ያለው ተዳፋት ስለተራቆተ ነው፤ ታች ያለው ንጣፍ ያንን አያቆምም። ደግሞ ወንዝ ዳር የሰው ሥራ ቦታም ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ እያመላለሰ ነው የሚውለው። ያን ጉድጓድ ይዞ ቤት አይቀይርም፤ አዲሱ ቤት ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ አይቆፍረውም። እኔ ፕላን ሲዘረጋ መጀመሪያ የምፈልገው ያን ጉድጓድ ነው።