«ድር ቢያብር» ስንል የማን ድር ነው?

ሰሞኑን በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ጉዳዩ የአዲስ ድንኳን ግዢ ነው። ሰብሳቢው ንግግራቸውን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ከፈቱ። ተጨበጨበ። ትንሽ ቆይቶ አንድ አባል ተነሳና መዋጮው በሁለት ጊዜ ቢከፈል ምን ይመስላችኋል አለ። ከኋላ አንዱ «ይቺማ የዶርዜ ሒሳብ ናት!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰብሳቢውም ሳቁ። ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ አባቱ ሽሮ ሜዳ ሸማ እየሠሩ ያሳደጉት ሰው ተቀምጧል። እሱ አልሳቀም።

ተረቱና ስድቡ በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መባላቸው ነው ይህን ያስጻፈኝ። ምክንያቱም እኔ እንደማምነው ያ ተረት የሸማኔ ተረት ነው።

«ትናንሾች ከተባበሩ ትልቁን ያሸንፋሉ» የሚለውን ፍቺ ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ አልደክምበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ድሩ ነው። ብዙ ሰው ድር ሲባል ሸረሪት ይታየዋል። በየግድግዳው የሚሰቀለው ሥዕልም ሸረሪትና አንበሳ ነው። እስቲ ግን የአገር ቤት ሰው ሸረሪትን እንዴት እንደሚያውቃት አስቡ። ሸረሪት ብቻዋን ናት። አንድ ጥግ ይዛ ለብቻዋ ታደራለች፣ ለብቻዋ ትበላለች። በየትኛው ጓዳ ነው ሸረሪቶች አብረው ሲሠሩ የታዩት? ማበርን ለማስተማር የፈለገ ሰው ከፍጥረት ሁሉ ሸረሪትን ይመርጣል ብዬ ማመን አልችልም።

ድሩ የልብስ ድር ነው። ያደግኩበት መንደር ጥጥ ከቆላ ይመጣ ነበር። አያቴ በመዳመጫ ትዳምጠዋለች፤ ፍሬው ወዲያ ይቀራል፣ ጥጡ ወዲህ። ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ባዘቶ ይሆናል። ማታ ማታ እሳቱ ዳር እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሾራለች። ለድር፣ ማለትም በቁመት ለሚወጠረው ክር፣ የሚሆነውና ለማግ፣ ማለትም በአግድም ለሚገባው፣ የሚሆነው አፈታተላቸው ይለያል። የድሩን ታከረዋለች፣ የማጉን ላላ ታደርገዋለች። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ድሩ ተሸካሚ ነው፣ ማጉ ሙቀት ነው» ትለኝ ነበር። ልቃቂቱ ሲበቃ በሙዳይ አድርጋ ለሸማኔው አድርሺ ብላ ትልከኛለች።

የሸማኔው ቤት ከመንደሩ ዳር ነበር። ሸማ የሚሠራበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ያወርዳል። ከታች ገመዱን በእግሩ ጣት መሐል ይይዛል። አንዱን ሲረግጥ ድሩ ከላይና ከታች ይከፈታል፤ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሽው ብሎ ያልፋል። ሌላውን ሲረግጥ ይመለሳል። ይህን ለሰዓታት ባየው አይሰለቸኝም ነበር። አብልጬ የምወደው ግን ድር ሲቀጥል ማየት ነው። አንዱ ሥራ ሲያልቅ የድሩን ጫፍ ጠርጎ አይጥለውም፤ እዚያው ይተወዋል። የአዲሱን ድር እያንዳንዱን ክር ከዚያ ከቀረው ጫፍ ጋር ያስራል። አንድ በአንድ። በመቶ የሚቆጠር ክር! አፉ አይናገርም፣ ጣቱ ብቻ ነው የሚሠራው። ገና ያልታሰረውን አንዱን ክር ይዤ ሳብ ሳደርገው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሁሉም ታስሮ ሲወጠር ግን ክንዱን አሳርፎበት ሲተክዝ አይቻለሁ፤ ምንም አልሆነም።

ለእኔ የተረቱ መወለጃ ያ ጉድጓድ ነው። «ያስር» የሚለውን ልብ በሉ። በባላገር ቤት ለማሰሪያ ጠፍር አለ፣ መጫኛ አለ። አውሬ ለማሰር ክር የሚያስብ ሰው የለም፤ ቀኑን ሙሉ ክር ሲያስር ከሚውል ሰው በስተቀር። አንበሳውም ቢሆን የዱር አንበሳ አይመስለኝም። አንበሳ በእኛ አገር የጌታ፣ የባለ ሥልጣን ምልክት ነበር። ሸማኔ ደግሞ የጌታውን ኩታ ሠርቶ፣ ዋጋውን ጌታው በፈለገው ልክ የሚቀበል ሰው ነው። መሬት የለውም ወይም ጥቂት ነው። ብቻውን ቢጮህ የሚሰማው የለም። እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ሲጽናኑ ያወጡት ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። በኋላ ባለ ኩታው ወረሰው፤ በየአደባባዩ ይናገርበት ጀመር፤ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ተረሱ።

ዛሬም ኩታውን እየለበሱ ሠሪውን መናቅ አልቀረም። ጨርቁ ላይ ያለውን ጥለት ጥበብ እንለዋለን፤ ጥበበኛውን ግን ስም አወጣንለት። ያ ሸማኔ አያቴ ቤት ሲመጣ ጠላ የሚቀዳለት በተለየ ዋንጫ ነበር። እኔም ሙዳዩን አድርሼ እንድመለስ እንጂ እዚያ ቤት እህል እንዳልቀምስ ሌሎች ሴቶች ያስጠነቅቁኝ ነበር። ዓይናቸው ይበላል ይባላል። አያቴ ግን ስለ ዋንጫው ከጎረቤት ጋር ተጣልታ በመጨረሻ የቤቱን ዋንጫ ሰጠችው። ጎረቤቷ በስድብ ስም ስትጠራው አያቴ «ለሰደብሽው ሰው መጀመሪያ ቀሚሱን አውልቂለት» አለቻት። ሴትዮዋ የለበሰችው የእሱን ሥራ ነበር።

ይህ በአንድ መንደር ብቻ የነበረ አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቦቹን በስማቸው ይዘረዝራል፤ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ ጽሕፈት የሚጽፈው ጠንቋይ ይባል ነበር። ከዚህ ወዲያ እንዲህ ብሎ የተሳደበ የሰደበው እኔን ነው ይላል ንጉሡ። መንግሥት በአዋጅ የሚደርስበት ስድብ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር አስቡት።

አዲስ አበባ ውስጥ ስድቡ ልብስ ቀየረ። ከጋሞ ከፍታ፣ ከጨንቻ አካባቢ ወርደው እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ የዘረጉት ሰዎች መጡ። ድሮ በሙያው ላይ የነበረው ንቀት በሕዝቡ ስም ላይ ተለጠፈ። ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ነው፤ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ከቀርከሃ በተሠራ ረጅም ቤቱ የሚታወቅ። ከተማው ግን ከየትም የጋሞ መንደር የመጣውን ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ አለው። ቀጥሎ ቆጣቢውን ዶርዜ አለ፣ ያደፈ ኮት የለበሰውን ዶርዜ አለ። አሁን ጭራሽ ሒሳብ ሆኗል። የሚለው ሰው ስድብ የተናገረ አይመስለውም። «ኧረ ስቀልድ ነው» ይላችኋል፤ ከልቡ ነው የሚለው። የተደበቀ ስድብ የምለው ይህን ነው።

የምትለዩበት መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። የአንድ ሕዝብ ስም የጠባይ ስም ሆኖ ሲመጣ ጆሯችሁን አቁሙ። የስስት፣ የጥቁረት፣ የመደንቆር፣ የቆሻሻ ስም ሆኖ ሲመጣ። ሙገሳ መስሎም ይመጣል፤ «ዶርዜ እኮ ሲሠራ ድካም አያውቅም» ይባላል፣ ሰውየው እንደ በሬ እየተመሰገነ። አንዳንዴ ስሙ ራሱ ነው ስድቡ። የም ሕዝብን ስንት ዘመን ሌሎች ባወጡለት፣ ከዝንጀሮ ጋር በሚገጥም ስም ስንጠራው ኖርን። የጂኦግራፊ ትምህርት ነው ብለን ነበር የምንሸመድደው።

አዋጅ ዛሬም አለ። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይባላል። ግን አዋጅ ቡና ላይ አይቀመጥም፤ ዕድር አይገባም። እዚያ ያለነው እኛ ነን። በዚያ ስብሰባ እጄን አውጥቼ ሰውየውን «የዶርዜ ሒሳብ እንዴት ነው የሚሰላው? እኔ አላውቀውም፣ አስረዳኝ» አልኩት። ጩኸት አላሰማሁም። ሰውየው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። ስድብ በሳቅ ነው የሚኖረው፤ አብራራ ሲባል የሚለው ይጠፋዋል። የተሰደበውን ሰው «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ ወደ መሐል መጎተት ግን ደግ አይደለም። መልሱ የተሰደበው ዕዳ መሆን የለበትም፤ የሳቀው ቤት ዕዳ ነው።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ በቡራዩ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ተቆጥቶ ሲወጣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ልጆቻቸውም ከበቀል ተመለሱ። ማበር ማለት ይህ ይመስለኛል። ወገኑን በቁጣ ማሰለፍ ቀላል ነው፤ የወገንን ቁጣ ማሰር ግን ጉልበት ይጠይቃል።

አሁን አሁን ግን ተረታችን ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። «ድር ቢያብር» ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ የአንድ ብሔር ስም ይደረጋል። አንበሳው ደግሞ ጎረቤቱ ነው። ይህን የሚጽፉ ሰዎች ሸማ ሲሠራ አላዩም ማለት ነው። ድር ብቻውን ወጥሮ የተወ ሸማኔ የለም፤ ከጎን የሚመጣውን ማግ ይጠብቃል። አያቴ ለሁለቱም ነበር የምትፈትለው። የሠርግ መድረክ መሪዎች፣ የስብሰባ ከፋቾች፣ እባካችሁ ተረቱን ከማለታችሁ በፊት የለበሳችሁትን ኩታ ጫፍ ያዝ አድርጋችሁ እዩት፤ ማን እንደሠራውም ጠይቁ። ገበያ ስትወጡም «ከአንዱ ዶርዜ ገዛሁት» አትበሉ። ሰውየው ስም አለው፤ ከዋጋው በፊት እሱን ጠይቁት።