«ኔጌቲቭ» ማለት መጥፎ ማለት አይደለም፦ በሳይኮሎጂ እንግሊዝኛ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጀነራል ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። ኮርሱ ለሁሉም የሚሰጥ ስለሆነ ነገ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ ጠበቃ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። የሚማሩት ነገር ባዕድ አይደለም። ሰው ለምን ይረሳል፣ ለምን ይፈራል፣ ልማድ እንዴት ይያዛል የሚለውን ሁሉም ከቤቱ በመጠኑ ያውቀዋል። የሚያሰናክላቸው እንግሊዝኛው ነው። ከባድ ከባዱንማ መዝገበ ቃላት ገልጠው ያጠኑታል፤ «ሂፖካምፐስ» በሚለው የአንጎል ክፍል ስም ላይ የሚሳሳት ተማሪ እምብዛም አይገጥመኝም። የሚጥላቸው ቀድሞ የሚያውቁት የሚመስላቸው ቃል ነው፦ ኔጌቲቭ፣ ሙድ፣ ስትረስ፣ ሶሻል። የሚያውቁት ስለሚመስላቸው ዞር ብለው አይፈትሹትም።

ያው ስህተት ከክፍልም ውጭ ይጠብቀኛል። በሬዲዮ የምክር ፕሮግራም፣ በቲክቶክ፣ እንግሊዝኛ እናስተምራለን በሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ሳይቀር እሰማዋለሁ። ከሁሉ ይበልጥ ባሰለቸኝ ልጀምር።

«ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ማለት ቅጣት ነው»

አይደለም። ሞጁሉ ላይ አለ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ በሾርት ኖት ይገለበጣል። ከዚያ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ላይ ሲመጣ «መምህሩ ተማሪውን ገረፈው» የሚለውን ምርጫ የሚያከብበው ተማሪ ብዙ ነው። አንዳንድ መምህራንም እንዲሁ ብለው ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፤ ይህ ደግሞ ከተማሪው ስህተት ይብሳል።

ባህርይ እንዴት እንደሚለመድ ባጠናው በአሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት በስኪነር ትምህርት ውስጥ «ሪኢንፎርስመንት» የሚለው ቃል አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ አንድ ባህርይ ወደፊት እንዲደጋገም የሚያደርግ ነገር ማለት ነው። «ፐኒሽመንት» ተቃራኒው ነው፤ ባህርዩ እንዲቀንስ ያደርጋል። «ፖዘቲቭ» የሚለው ቅጽል የተጨመረ ነገር እንዳለ ይናገራል፣ «ኔጌቲቭ» ደግሞ የተነሳ ነገር እንዳለ። ደግነትም ክፋትም በቃላቱ ውስጥ የሉበትም። ስለዚህ ልጅ በማጥናቱ ሲሸለምና ማጥናቱን ሲያዘወትር ፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው። በማጥፋቱ ሲገረፍና ጥፋቱን ሲቀንስ ፖዘቲቭ ፐኒሽመንት ነው፤ አዎ፣ ግርፋቱ «ፖዘቲቭ» ይባላል፣ ምክንያቱም የተጨመረ ነገር ነው። በማጥፋቱ ስልኩ ሲወሰድበትና ጥፋቱን ሲተው ኔጌቲቭ ፐኒሽመንት ነው። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት የሚሆነው ሰውየው አንድ ነገር በማድረጉ የሚያስቸግረው ነገር ሲነሳለትና ያንኑ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ሲያደርገው ነው።

ጠዋት ቡና ካልጠጡ ራሳቸውን የሚያማቸውን ሰዎች አስቡ። ስኒዋን ያነሳሉ፣ ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ይለቃቸዋል። ሕመሙ ተነሳ፣ ቡና መጠጣቱ ደግሞ ተጠናከረ። እዚህ ውስጥ የተቀጣ ሰው የለም። ወይም ሱቅ በር ላይ ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ የሚያለቅስ ሕፃን አስቡ። እናትየው የሰው ዓይን ሲበዛባት ትገዛለታለች፣ ልቅሶው ጸጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ተምረዋል። ሕፃኑ ከረሜላ ተጨመረለት፤ ይህ ፖዘቲቭ ነው። እናቱ ጩኸቱ ተነሳላት፤ ይህ ኔጌቲቭ ነው። በሚቀጥለው ቀን እሱ ቶሎ ያለቅሳል፣ እሷም ቶሎ ትገዛለታለች። ይህን ምሳሌ በእንግሊዝኛው ፍቺ ፋንታ የያዘ ተማሪ ፈተና ላይ ሲሳሳት አላየሁም።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። «ኔጌቲቭ አትሁን»፣ «ኔጌቲቭ ኢነርጂ» እያልን ስለምናወራ ቃሉ በጆሯችን መጥፎ ሆኗል። ግን እነዚሁ ልጆች ሁለተኛውን ትርጉም ያውቁታል። ላቦራቶሪ ሄዶ «ፖዘቲቭ ነህ» የተባለ ሰው ምሥራች እንዳልሰማ ማንም አያጣውም። እዚያ «ፖዘቲቭ» ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ያንን እውቀት ወደ ሳይኮሎጂ ይዘው እንዲሻገሩ ነው የምለምናቸው።

ጉዳዩ የፈተና ነጥብ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልናደድም ነበር። ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ላይም ሐኪሞች «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» ምልክቶች ይላሉ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ያለ ማስረጃ ሰዎች ሊገድሉኝ ነው ብሎ ማመን ፖዘቲቭ ይባላሉ፤ በጤናው ጊዜ ያልነበሩ፣ በላዩ የተጨመሩ ናቸው። ንግግር መመናመን፣ ተነሳሽነት ማጣት፣ ፊት ላይ ስሜት አለመነበብ ኔጌቲቭ ይባላሉ፤ የነበረ ነገር ጎድሎ ነው። ቀደም ሲል ያስተማርኳት የነርሲንግ ተማሪ ለልምምድ በወጣችበት ዋርድ የአንድ ታማሚ ፋይል ላይ ፖዘቲቭ ምልክቶች ጎልተው ይታያሉ የሚል አንብባ፣ ልጁ እየተሻለው ነው ብላ ለአባትየው ልትነግራቸው ነበር። አብራት የነበረችው ነርስ አስቆመቻት። አባትየው ያንን ሰምተው ቢሆን ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤት ለመሄድ ሊጠይቁ ይችሉ ነበር። አንድ ቅጽል በትክክል አለመያዝ እዚህ ድረስ ያደርሳል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው ፍርሃት ለምን እንደማይለቅ አይገባውም። ከገጠር ከተማ የመጣ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ፤ በእንግሊዝኛ ፕረዘንቴሽን በሚያቀርብበት ቀን ሁልጊዜ ያመዋል። ውሸቱን አልነበረም፣ ሆዱን በእውነት ያመው ነበር። ሳያቀርብ በቀረ ቁጥር ግን ወዲያው ይቀለዋል። ያ እፎይታ ነው መቅረቱን የሚያጠናክረው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለመቅረት ይበልጥ ይቸኩላል፣ ፍርሃቱም ይበልጥ ይገዝፋል። ሰሌዳ ላይ ቀስት ስዬ ሳሳየው ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «መምህር፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሄድንበት መንገድ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ቢሮዬ ውስጥ ለእኔ ብቻ አነበበ፣ ቀጥሎ ለሁለት ጓደኞቹ፣ ቀጥሎ ክፍል ውስጥ ከመቀመጫው ሳይነሳ ጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ በመጨረሻ ቆሞ። ደንቡ አንድ ነበር፤ ፍርሃቱ ጋብ ሳይል አቋርጦ መውጣት የለም። እንግሊዝኛ መናገር የሚያስፈራችሁ ሁሉ ይህን ሞክሩት። «አልችልም» ብላችሁ ወደ አማርኛ በሸሻችሁ ቁጥር የምታገኙት እፎይታ ነው ቋንቋውን ከአፋችሁ የሚያርቀው።

«ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ሁለት ሰው ነው»

ይህ የመጣው ቃሉን ቆራርጦ ከማጥናት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ሲሆን፣ የግሪኮቹን «መሰንጠቅ» እና «አእምሮ» አጋጥሞ ነው። እሱ ሊናገር የፈለገው ግን ሐሳብና ስሜት እርስ በርስ መላቀቃቸውን እንጂ በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን አልነበረም። የተለያዩ ማንነቶች የሚፈራረቁበት ሕመም ሌላ ነው። ድሮ «መልቲፕል ፐርሰናሊቲ» ይባል የነበረው ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ ስሙን ለውጦታል። ሥርወ ቃል ማጥናት ጥሩ ነው፣ ለማስታወስ ያግዛል፤ ፍቺን ከእሱ ብቻ መቅዳት ግን አደጋ አለው። «ሂስቴሪያ» የሚለው ቃል ከማህፀን ጋር የተያያዘው የጥንት ግሪኮች በሽታው ከዚያ ይነሳል ብለው ስላሰቡ ነው። ዛሬ ያንን የሚያምን ሐኪም የለም።

«ሰው መቅረብ ስለማልወድ አንቲሶሻል ነኝ»

እባካችሁ ይህን ስለራሳችሁ አትበሉ። «አንቲሶሻል» በሳይኮሎጂ የሌላውን መብት የሚጥስ፣ የሚያታልል፣ ጎድቶ የማይጸጸት ሰው ባህርይ ነው። አንድ ተመራቂ በሥራ ማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ጭምት መሆኑን ለመግለጽ ይህንኑ ቃል ጽፎ አርምልኝ ብሎ አምጥቶልኛል። ሳይልከው በፊት ስላየሁት ደስ ብሎኛል። ብቻውን መሆን የሚመርጥ ሰው «ኢንትሮቨርት» ነው። ኢንትሮቨርት መሆንም ዓይን አፋርነት አይደለም፤ ዓይን አፋሩ ሰው መቅረብ እየፈለገ ይፈራል፣ ኢንትሮቨርቱ ግን ጫጫታው ስለሚያደክመው ነው ዞር የሚለው።

«ስትረስ፣ አንግዛይቲ፣ ዲፕሬሽን... ሁሉም ያው ጭንቀት ነው»

እዚህ ላይ ተማሪውን ብዙ አልወቅስም፤ በአማርኛችን «ጭንቀት» ብዙ ሸክም ይዟል። ለይታችሁ ያዙት። ስትረስ ከውጭ የመጣ ጫና ሲከብድ ነው፤ የፈተና ሳምንት፣ የቤት ኪራይ። ጫናው ሲነሳ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይነሳል። አንግዛይቲ ገና ያልመጣውን አደጋ መፍራት ነው፤ ፈተናው ካለፈም በኋላ ሊቀጥል ይችላል።

ዲፕሬሽን ከሁለቱም የተለየ ነው። እሑድ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ «ደበረኝ» ማለታችን ዲፕሬሽን አይደለም። በአሜሪካው መመሪያ መሠረት ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት፣ ቀኑን አብዛኛውን፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ መታየት አለባቸው፤ ከእነሱም አንዱ የስሜት መውደቅ ወይም ይወዱት ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎቻችን «ድባቴ» የሚሉት ይህንን ነው። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምይዘው ለቃል ንጽሕና ብዬ አይደለም። ሁሉም ሰው «ዲፕሬስድ ነኝ» እያለ ሲስቅ በሚውልበት ዶርም ውስጥ፣ ከአልጋው መነሳት ያቃተው ልጅ ያንኑ ቃል ሲናገር የሚሰማው አጥቷል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ለሁለት ሳምንት ምግብ፣ እንቅልፍና ጨዋታ የጠላ ጓደኛ ካላችሁ ቃሉን በትክክል ስለ መጠቀሙ አትጨነቁ፤ ይዛችሁት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

አጫጭሮቹን ልጨርስ።

«ሳይኮሎጂስትና ሳይካትሪስት አንድ ናቸው።» ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፣ መድኃኒት ያዛል፤ ሳይኮሎጂስት በእኛ አገር አያዝም።

«ኦሲዲ ነኝ፣ ቤቴ ንጹሕ ካልሆነ አልወድም።» ንጽሕና ወዳድ ነሽ። ኦሲዲ ሳይፈልጉት የሚመላለስ ሐሳብና ያንን ለማስታገስ ሰዓት እስኪፈጅ የሚደጋገም ድርጊት ነው፤ የያዘው ሰው ይሠቃያል እንጂ አይኮራበትም።

«ጀለሲና ኤንቪ ሁለቱም ቅናት ናቸው።» ኤንቪ ሌላው ያለውን መመኘት ነው፣ ጀለሲ ያለኝን ሌላ ይወስድብኛል ብሎ መስጋት።

«ሙድና አፌክት አንድ ነው።» ሙድ ሰውየው ሲጠየቅ የሚናገረው የሰነበተ ስሜቱ ነው፣ አፌክት ባለሙያው ፊቱ ላይ አሁን የሚያየው። «ሙድ ያዘብኝ» የሚለውን የሰፈር ቋንቋ ደግሞ ፈተና ላይ አታምጡት።

«እኔ ቪዥዋል ለርነር ስለሆንኩ ቃል በሥዕል ካልሆነ አይገባኝም»

ይህን የሚነግሩኝ ልጆች ከሳይኮሎጂ የተማሩት ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የሳይኮሎጂ ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ ጥናቶቹን ሰብስበው መርምረው፣ ትምህርትን ከተማሪው «የመማር ዘይቤ» ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ሥዕል ለሁሉም ይጠቅማል፤ ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ የተመደበ አይደለም።

በእርግጥ የሚሠራው የቆየና ርካሽ ነው። ጀርመናዊው የሳይኮሎጂ ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ጥምሮች ራሱ እየሸመደደ፣ ብዙው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑንና በተራራቀ ጊዜ መደጋገም በአንድ ቀን ከመጨናነቅ እንደሚሻል አሳይቷል። ስለዚህ በፈተና ዋዜማ መቶ ቃል ከነትርጉሙ መሸምደድ ተዉ። በቀን አምስት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ትንሽ ወረቀት ቁረጡ። በአንድ በኩል ቃሉን፣ በሌላው በኩል ሦስት ነገር ጻፉ፦ ፍቺውን በራሳችሁ አማርኛ፣ ከሰፈራችሁ የተወሰደ አንድ ምሳሌ፣ ከሱ ጋር የሚምታታውን ቃልና ልዩነቱን። ሦስተኛውን አትዝለሉ፤ ፈተና የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ከዚያ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ጀርባውን ሳታዩ ለመመለስ ሞክሩ። የመለሳችሁትን ወደ ኋላ፣ የሳታችሁትን ወደ ፊት አድርጉ። ፍቺውን ደግሞ ከሞጁሉ ወይም ከመጽሐፉ መጨረሻ ካለው የቃላት መፍቻ ውሰዱ፤ የስልክ ተርጓሚ ለ«ሪኢንፎርስመንት» የጦር ኃይል ማጠናከሪያ ብሎ ሊሰጣችሁ ይችላል።