ኦዞን የተነፋበት የዕፅዋት ዘይት ምንድን ነው?

የኦዞን ዘይት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ኦዞን በውስጡ የታመቀበት ዘይት አይደለም። ተሠርቶ ባለቀ ዘይት ውስጥ ኦዞን ቢፈለግ አይገኝም ማለት ይቻላል። ጋዙ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አልቋል፤ የቀረው ከመነሻው የወፈረ፣ የነጣና ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ይህን ነጥብ የጨበጠ ሰው ስለ ዘይቱ ከሚነገረው ውስጥ እውነቱን ከማስታወቂያው ለመለየት አይቸገርም። «ለቆዳ ኦክስጅን ይመግባል» የሚለው የተለመደ አባባል ለምሳሌ ከኬሚስትሪው ጋር አይገናኝም፤ ዘይቱ አንድ ሥራ ከሠራ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው።

የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሁለት አቶሞች የተጣመሩበት ሲሆን ኦዞን ግን ሦስት አቶሞች አሉት። ሦስተኛው አቶም ጋዙን ዕረፍት ያሳጣዋል፤ ያገኘውን ነገር ለማጥቃት ይቸኩላል። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ባለበት አካባቢ የሚሰነፍጠው ሽታ የእሱ ነው። ያን ሽታ ተከታትሎ አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1840 ያስታወቀው በስዊዘርላንድ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ሾንባይን ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ ጀርመናዊው ቨርነር ፎን ሲመንስ ኦዞን የሚያመርት የመስታወት ቱቦ ሠራ፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ኦዞን አመንጪ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚያው መርህ ነው።

ዘይቱስ? የዕፅዋት ዘይት በረጅም የካርቦን ሰንሰለቶች፣ ማለትም በቅባት አሲዶች የተገነባ ነው። በአንዳንዶቹ ሰንሰለቶች ላይ ሁለት ካርቦኖች በድርብ ትስስር የተያያዙበት ቦታ አለ። የወይራ ዘይት ዋና ክፍል የሆነው ኦሌይክ አሲድ አሥራ ስምንት ካርቦኖች አሉት፤ ድርብ ትስስሩ ያለው በዘጠነኛውና በአሥረኛው መካከል፣ ልክ መሐል ላይ ነው። ኦዞን የሚፈልገው ይህን ቦታ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ የዘይቱ ምርጫም ሆነ የሳንባው አደጋ፣ ከዚህ ድርብ ትስስር ይመነጫል።

በዚያ ቦታ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ያብራራው ጀርመናዊው ኬሚስት ሩዶልፍ ክሪጌ ሲሆን ሒደቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ኦዞኑ በመጀመሪያ በድርብ ትስስሩ ላይ ይቀመጥና የማይረጋ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ወዲያው ይፈርሳል፤ ሰንሰለቱም ለሁለት ይቆረጣል። ከዚያ ሁለቱ ቁራጮች ዞረው ይገናኙና በሌላ አቀማመጥ እንደገና ይያያዛሉ። ይህ የተሻለ የሚረጋው ቀለበት ኦዞናይድ ይባላል። ቁራጮቹ ሁሉ ግን አይገናኙም። እርጥበት ካለ ከፊሎቹ ወደ ፐርኦክሳይድነት (ሁለት ኦክስጅኖች እርስ በርስ የተያያዙበት ውህድ)፣ ከፊሎቹ አልዲሃይድ ወደሚባሉ ሽታ ያላቸው ውህዶችና ወደ አሲድነት ያመራሉ። ከወይራ ዘይት የሚወጣው ያ ከባድ ሽታ በአብዛኛው ዘጠኝ ካርቦን ያለው ኖናናል የተባለ አልዲሃይድ ነው። ሽታው የኦዞን ሽታ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ «ሽታው ስለቀነሰ ኦዞኑ ወጥቷል» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ነውና።

ይህ ሒደት የጓዳ ሙከራ ብቻ አይደለም። ኢንዱስትሪው ኦሌይክ አሲድን በኦዞን ቆርጦ አዜላይክ አሲድ ያመርታል፤ ይህም ለብጉር በሚታዘዙ ቅባቶች ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር ነው።

የትኛውን ዘይት መምረጥ እንደሚገባ የሚወሰነው ስንት ድርብ ትስስር እንዳለው በማየት ነው። የሚለካበት መንገድ የአዮዲን ቁጥር ይባላል፤ 100 ግራም ዘይት ስንት ግራም አዮዲን እንደሚይዝ ይነግረናል። የወይራ ዘይት ከ75 እስከ 94፣ የሱፍ አበባ ዘይት 130 አካባቢ፣ የኮኮናት ዘይት ግን ከ6 እስከ 11 ብቻ ነው። ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ዘይቱ የሚችለውን የኦዞን መጠን ማስላት ይቻላል። 85 የአዮዲን ቁጥር ያለው 100 ግራም የወይራ ዘይት ድርብ ትስስሮቹ በሙሉ እንዲያልቁ 16 ግራም ያህል ኦዞን ይፈልጋል። የሱፍ አበባው ወደ 25 ግራም ይጠጋል። የኮኮናት ዘይት ቢበዛ 2 ግራም ያህል ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነፋበት ጋዝ ሳይዋሃድ አልፎ ክፍሉን ይሞላል። ስለዚህ «የኮኮናት ኦዞን ዘይት» ተብሎ የሚቀርብ ነገር ሲያጋጥመኝ በአብዛኛው ተራ የኮኮናት ዘይት ነው ብዬ አምናለሁ። የተልባ ዘይት በተቃራኒው እጅግ ብዙ ድርብ ትስስር አለው፤ ግን ከመነሻው በቀላሉ የሚበላሽ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ለጀማሪ የወይራ ዘይት ይሻላል፤ ባሕርይው ይታወቃል፣ ለውጡም በዓይን ይታያል።

ጊዜው የሚገመተውም በዚሁ ስሌት ነው። ከመሣሪያው የሚወጣው ጋዝ በሊትር 40 ሚሊግራም ኦዞን ቢኖረውና በደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢፈስ፣ በሰዓት 1.2 ግራም ኦዞን ይገኛል። ለ100 ግራም የወይራ ዘይት 13 ሰዓት ያህል መሆኑ ነው፤ ይህም ጋዙ ሳይባክን ሙሉ በሙሉ ከተዋሃደ ነው። አትክልትና ውኃ ለማጠብ ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ መሣሪያዎች ደግሞ የሚያመነጩት በሰዓት ጥቂት መቶ ሚሊግራም ነው። በእነርሱ ለግማሽ ሰዓት ተነፍቶበት «ተጠናቀቀ» የሚባል ዘይት ከመነሻው ብዙም አልተለየም።

መሣሪያው ራሱ ሁለት ኤሌክትሮዶችና በመካከላቸው መስታወት ወይም ሴራሚክ ያለበት ነው። በከፍተኛ ቮልቴጅ በጠባቧ ክፍተት ውስጥ ብልጭታ ይፈጠራል፤ እዚያ የሚያልፈው ኦክስጅን ይሰባበርና ከፊሉ ኦዞን ሆኖ ይገጣጠማል። የሚገባው ጋዝ ንጹሕ ደረቅ ኦክስጅን መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ተራ አየር ሲገባ የኦዞኑ መጠን በግማሽና ከዚያ በታች ይወርዳል። የባሰው ጣጣ ግን አየር አራት አምስተኛው ያህል ናይትሮጅን መሆኑ ነው። በብልጭታው ውስጥ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይፈጠራሉ፤ እርጥበት ሲያገኙ ናይትሪክ አሲድ ይሆናሉ። አሲዱ መሣሪያውን ይበላል፤ ቆዳ ላይ ሊቀባ ወደታሰበው ዘይትም ይገባል።

አቀማመጡ ውስብስብ አይደለም። ከመሣሪያው የሚወጣው ቱቦ ረጅም የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይገባና ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳማ መስታወት በኩል ጋዙን በደቃቅ አረፋ መልክ ይለቃል። አረፋው ባነሰና ፍሰቱ ባዘገመ መጠን የሚባክነው ይቀንሳል። ቱቦው ቴፍሎን ቢሆን ይመረጣል፤ ሲሊኮንም ለተወሰነ ጊዜ ይችላል። የተፈጥሮ ጎማ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ እሱም በድርብ ትስስር የተሞላ ስለሆነ ኦዞኑ እንደ ዘይቱ ይቆርጠዋል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተሰነጣጥቆ ጋዝ ያሾልካል። ውህደቱ ሙቀት ስለሚፈጥር ዕቃው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ዘይቱ ከሞቀ ፐርኦክሳይዱ እየተሠራ ይፈርሳል፤ አልዲሃይዱም ይበዛል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለዓይን የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ቀስ በቀስ የወይራው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ይደበዝዛል፤ ኦዞኑ የቀለሙንም ድርብ ትስስሮች እየበላ ነውና። ቀጥሎ አረፋዎቹ መዘግየት ይጀምራሉ፤ ወደ ላይ ከመሮጥ ይልቅ እየተንሳፈፉ ይወጣሉ፣ ላይኛው ገጽ ላይም ሳይፈነዱ ይከማቻሉ። ወደ መጨረሻው ዘይቱ ዝልግልግ ይልና ነጭ ቅባት ይመስላል፤ በቅዝቃዜም ይረጋል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳማው መስታወት ሊደፈን ስለሚችል ግፊቱን መከታተል ግድ ነው።

ውፍረቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የቀዘቀዘ የወይራ ዘይትም ይወፍራልና። አስተማማኙ የጓዳ መለኪያ ሚዛን ነው። ዕቃው ከነዘይቱ ከመጀመሩ በፊት ይመዘናል፤ በየጥቂት ሰዓቱም እንደገና ይመዘናል። ኦዞኑ የተዋሃደ ከሆነ የዘይቱ ክብደት ይጨምራል፤ 100 ግራሙ ወደ 116 ግራም እየተጠጋ ይሄዳል። የሚተኑ ነገሮች ስላሉ እዚያው ላይ በትክክል አይደርስም፤ ነገር ግን ጭማሪው 1 ግራም ብቻ ሆኖ ሳለ «ሙሉ በሙሉ የተሞላ» ማለት አይቻልም። በቤተ ሙከራ ደግሞ የፐርኦክሳይድ መጠን ይለካል። ለምግብ የሚሆን ድንግል የወይራ ዘይት ይህ መጠን በኪሎ ከ20 ሚሊ ኢኩቫለንት (የፐርኦክሳይድ መለኪያ አሃድ) እንዳይበልጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ የኦዞን ዘይት መቶዎችንና ሺዎችን ይቆጥራል። ከምግብ መመዘኛ አንጻር በከፍተኛ ደረጃ የተበላሸ ዘይት ነው፤ ስለዚህ አይጠጣም፤ «ለጨጓራ ነው» ቢባልም።

አሁን ወደ አደጋው። ኦዞን የሳንባን ውስጠኛ ሽፋን የሚጎዳው በዘይቱ ላይ በሚሠራው በዚያው መንገድ ነው፤ እዚያም ድርብ ትስስር ያላቸው ቅባቶች አሉ። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ በስምንት ሰዓት ውስጥ የተፈቀደው መጠን በሚሊዮን 0.1 እጅ ነው፤ በሚሊዮን 5 እጅ ደግሞ ለሕይወት አስጊ ተብሎ ተመድቧል። ቀደም ብለን የጠቀስነው በሊትር 40 ሚሊግራም ያለው ጋዝ በሚሊዮን 20 ሺህ እጅ ያህል ነው። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ምን ልታደርግ እንደምትችል ከዚህ ይታያል። በአፍንጫ መታመንም አይቻልም፤ አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል። ስለዚህ ከዘይቱ ተርፎ የሚወጣው ጋዝ ኦዞን በሚያፈርስ የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ማጣሪያ አልፎ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ሥራውም መኝታና ሳሎን ውስጥ አይሠራም። መስኮት መክፈት ብቻውን ጥንቃቄ ነው ብዬ አልቀበልም።

ሁለተኛው አደጋ እሳት ነው። በግፊት ያለ ንጹሕ ኦክስጅን ከዘይት ጋር ከተገናኘ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። የኦክስጅን ሲሊንደሩ መቆጣጠሪያ ዘይት በነካው እጅ አይነካም። ጋዙ ሲቆም ዘይቱ በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ መሣሪያው ውስጥ እንዳይገባ በመካከል ባዶ መያዣ ጠርሙስና ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ይደረጋል። ይህን ወጪ ለመቆጠብ የሚያስብ ሰው ሥራውን ባይጀምረው እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉ ያነሰ ይነገርለታል። አንዳንዶች ሽታውን ለማሳመር የሎሚ ልጣጭ፣ የባሕር ዛፍ ወይም የሻይ ዛፍ መዓዛማ ዘይት ጨምረው ኦዞን ይነፉበታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። መዓዛማ ዘይቶች ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ከነሱ የሚሠሩት ኦዞናይዶች ሊፈነዱ ይችላሉ። በሎሚ ልጣጭ ውስጥ ያለው ሊሞኒን ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የቆዳ አለርጂ እንደሚያስነሳ በደንብ ይታወቃል።

ታዲያ ዘይቱ ይጠቅማል? በቤተ ሙከራ ባክቴሪያንና ፈንገስን እንደሚገድል በተደጋጋሚ ታይቷል። የሚገድሉት ፐርኦክሳይዶቹ ናቸው፤ ለብጉር የሚሰጠው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው። በሰው ላይ ከተደረጉት ጥናቶች የሚታወቀው የኩባ ተመራማሪዎች ያደረጉት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ሥራቸው የሱፍ አበባ የኦዞን ዘይትን በእግር ጣት መካከል በሚወጣ ፈንገስ ላይ የፈንገስ መድኃኒት ከሆነው ከኬቶኮናዞል ቅባት ጋር አነጻጽረው ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ የቆዳ ሕመም የተገኘ ውጤት ለሁሉም ሕመም ማስረጃ አይሆንም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንብ ኦዞን ጋዝን የታወቀ ጠቃሚ የሕክምና አገልግሎት የሌለው መርዛማ ጋዝ ብሎ ይገልጸዋል፤ ዘይቱ ከጋዙ የተለየ ቢሆንም ጋዙን በቀጥታ ለመተንፈስ ወይም ወደ ሰውነት ለማስገባት የሚቀርብ ግብዣ ሁሉ በዚህ ዓይን መታየት አለበት። ጥልቅ ቁስል፣ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል፣ የሐኪም ጉዳይ ነው። ለቀላል ነገር የሚቀባውም ሰው በመጀመሪያ በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን ይጠብቅ፤ ካቃጠለው ይተወው። ዓይን አካባቢ አይቀባም።

የሚቀመጠው ጥቁር የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሙቀትና ብርሃን ፐርኦክሳይዱን ያፈርሱታል፤ ብረትና መዳብም እንዲሁ፤ ስለዚህ የብረት ክዳንና ማንኪያ አይነካውም፤ ለማቅለጥም እሳት ላይ አይጣድም። በጠርሙሱ ላይ የዘይቱ ዓይነት፣ የተሠራበት ቀንና ስንት ግራም እንደጨመረ ይጻፍ።