ቢኖሚዮ ፋንታስቲኮ ምንድን ነው? የጃኒ ሮዳሪ የሁለት ቃል ጨዋታ

«ውሻ» የሚለው ቃል ብቻውን ተረት አይወልድም። «ቁም ሳጥን»ም እንደዚያው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አእምሮ ዝም ብሎ አያልፋቸውም፤ «ምን አገናኛቸው?» ይላል። ጣልያናዊው የልጆች ደራሲ ጃኒ ሮዳሪ «ቢኖሚዮ ፋንታስቲኮ» ያለው ይህንን ነው። ቢኖሚዮ ከሒሳብ የተወሰደ ቃል ሲሆን ሁለት አባላት ያሉትን መግለጫ ያመለክታል። በአማርኛ «ምናባዊ ጥንድ» ብንለው ያስኬዳል።

ሮዳሪ ነገሩን በኤሌክትሪክ ያስረዳዋል፦ በአንድ ዋልታ ብልጭታ አይወጣም፣ ሁለት ያስፈልጋል። ሁለቱ ደግሞ መራራቅ አለባቸው። «ፈረስ» እና «ውሻ» ምናባዊ ጥንድ አይሆኑም፤ ሁለቱም እንስሳት ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አያስደነግጠውም፣ ምናብም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ውሻና ቁም ሳጥን ግን የሚያገናኛቸው ነገር ካልተፈለሰፈ በቀር አይገናኙም። ጨዋታው ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከማስተማር ሥራ ነው። ሮዳሪ እ.ኤ.አ. በ1920 በሰሜን ጣልያን፣ ኦርታ ሐይቅ ዳር ባለችው ኦሜኛ ከዳቦ ጋጋሪ አባት ተወለደ። በ1937 እና በ1938 መካከል በነበረው የአውሮፓ የብርድ ወራት፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ከጀርመን ሸሽተው ለመጡ አይሁዳውያን ልጆች ጣልያንኛ ያስተምር ነበር። በዚያው ሰሞን ጀርመናዊው ገጣሚ ኖቫሊስ የጻፈውን አንድ ዐረፍተ ነገር አነበበ፤ ለማሰብ ሎጂክ እንዳለን ሁሉ ለመፈልሰፍም ሕግ ቢኖረን የፈጠራ ጥበብ በተገኘ ነበር የሚል። ሮዳሪ ያንን ሕግ መፈለጉን አልተወም። ጋዜጠኛ ሆነ፣ በሶቭየት ኅብረት ሳይቀር የተወደደውን የሽንኩርቱን ልጅ ቺፖሊኖን ጻፈ፣ በ1970 የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ሽልማት ተቀበለ። ዘዴዎቹን አንድ ላይ ያወጣቸው ግን በመጋቢት 1972 በሬጆ ኤሚሊያ ከተማ ከመምህራን ጋር ለጥቂት ቀናት ከተወያየ በኋላ ነው። «የምናብ ሰዋስው» በሚል ርእስ በ1973 ታተሙ። የመጽሐፉ ዓላማ ደራሲ ማፍራት አልነበረም፤ ሮዳሪ የቃል አገልግሎት ሁሉ ለሁሉም ይድረስ የሚለው ሁሉም አርቲስት እንዲሆን ሳይሆን ማንም ባሪያ እንዳይሆን ነው።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ሮዳሪ መምህር ሳለ አንድ ልጅ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ለፊት፣ ሌላው ደግሞ በሰሌዳው ጀርባ፣ ሳይተያዩ አንዳንድ ቃል እንዲጽፉ ያደርግ ነበር። የሚገለበጥ ሰሌዳ ከሌለ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ያ ትንሽ ድብብቆሽ ለጌጥ የገባ አይደለም። የመጀመሪያው ቃል ሲነበብ ልጆቹ ሁለተኛውን እየጠበቁ ስለሆነ፣ «ውሻ» ያን ጊዜ ተራ ውሻ መሆኑ ይቀራል። «ቁም ሳጥን» ሲከተለው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። መምህሩ ሁለቱንም ቃል አስቦ ካመጣቸው ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ትልቅ ሰው ሳያውቀው የሚስማማ ጥንድ ይመርጣልና። በመዝገበ ቃላት መጠቀምም ይቻላል፣ ግን በአማርኛ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ቃላትን አንድ ላይ ስለሚያሰባስቡ ከአንድ ገጽ የተወሰዱ ሁለት ቃላት ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ «ጻፈ»ና «ጸሐፊ» ምንም ብልጭታ የላቸውም። ስለዚህ በጣም የተራራቁ ሁለት ገጾች ይከፈቱ።

ቀጥሎ ቃላቱን የሚያያይዝ መስተዋድድ ይገባል። «እና» አይረዳም፤ ይደረድራል እንጂ አያዛምድም። ሮዳሪ በጣልያንኛ የሞከራቸው አራቱ በአማርኛ እንዲህ ይሆናሉ፦ ውሻው ከቁም ሳጥኑ ጋር፣ የውሻው ቁም ሳጥን፣ ውሻው ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ውሻው ቁም ሳጥኑ ውስጥ። እያንዳንዱ የተለየ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ውሻ ቁም ሳጥን ተሸክሞ በመንገድ ያልፋል፤ ቤቱ ነዋ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ይዞት ይዞራል። በሁለተኛው የውሻው ካፖርትና ማሰሪያ የሚቀመጥበት የቤት ዕቃ አለን፤ ይህ ለንድፍ ባለሙያ የሚሆን ነው። በአራተኛው ሰውየው ልብስ ሊያወጣ ሲከፍት ውሻ ያገኛል። አማርኛ «ያለ»፣ «እንደ»፣ «ስለ» ስላለው ሌላም በር ይከፈታል፤ «እንደ ቁም ሳጥን ያለ ውሻ» ብቻውን ግማሽ ሰዓት ያስወራል። ሁሉንም በቃል ከሞከሩ በኋላ አንዱን ይምረጡ። ሁለቱን መቀላቀል ጀማሪን ያደናግራል።

ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ ውሻውን ሲያሳድድ ቁም ሳጥኑን ይረሳዋል፤ ያን ጊዜ «ቁም ሳጥኑስ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሁለተኛው ጥፋት ጉድ በጉድ ላይ መደራረብ ነው፦ ውሻው ይበራል፣ ከዚያ ይናገራል፣ ከዚያ ንጉሥ ይሆናል። የማይሆን ነገር አንድ ጊዜ ከገባ የቀረው ሁሉ በምክንያት መሄድ አለበት፤ ቁም ሳጥን የተሸከመ ውሻ ሲደክመው ማረፍ፣ በጠባብ በር ሲገባ መቸገር አለበት። ሦስተኛው የትልቅ ሰው ጥፋት ነው፦ መጨረሻ ላይ ምክር ካልተጨመረ የሚል። ርዝመትም አያስፈልግም። በ1962 በወጣው «ተረቶች በስልክ» የሮዳሪ ገጸ ባሕርይ የሆነ አንድ አባት፣ በሻጭነት በየከተማው የሚዞረው ቢያንኪ፣ ማታ ማታ ለልጁ ስልክ ደውሎ ተረት ይነግራታል፤ የስልኩን ሒሳብ ራሱ ስለሚከፍል ተረቶቹ አጫጭር ናቸው።

በደንብ የተሠራ ጥንድ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው በሬጆ ኤሚሊያው ዲያና መዋዕለ ሕፃናት አንድ የአምስት ዓመት ተኩል ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ያወጣው ታሪክ ነው። ቃላቱ «መብራት» እና «ጫማ» ነበሩ። አንድ ልጅ ዘወትር የአባቱን ጫማ ያደርጋል። አባትየው ሲሰለቸው ልጁን ከመብራቱ ላይ ይሰቅለዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ልጁ ይወድቃል፤ አባትየው ሌባ መስሎት ሲሮጥ ቢመጣ ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ሙሉ በሙሉ በርቷል። ጭንቅላቱን ያዞረዋል፣ አይጠፋም። ጆሮውን ይጎትታል፣ አፍንጫውን ይጫናል፣ ፀጉሩን ይስባል፣ እምብርቱን ይነካል፣ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ጫማዎቹን ሲያወልቅለት ጠፋ።