«የቆላ ዛፍ ውሃ አይፈልግም» የሚባለውና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ዝናብ ለወራት በሚጠፋበት ቆላ ግራሩ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ሰው ብዙ ነገር ይገምታል። ግምቱ በወሬ ቢቀር ባልከፋ፤ ወደ ችግኝ እንክብካቤ ሲገባ ግን ችግኝ ይገድላል።

«የቆላ ዛፍ ውሃ አይፈልግም»

ይፈልጋል። ዛፍ በሥሩ ከሚስበው ውሃ ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ በላይ የሚሆነው በቅጠሉ በኩል ተንኖ አየር ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ምግብ የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱ ደግሞ ውሃው ይወጣል። ከዚህ የሚያመልጥ ዛፍ የለም፤ የሚለያዩት መቼ እንደሚከፍቱና ከየት እንደሚስቡ ነው።

የግራር ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ ነፋስ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ ሙቀቱን ለማብረድ ብዙ ውሃ አያወጣም። እሾሃሙ በለስ ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የሰበሰበውን ጋዝ በአሲድ መልክ ያስቀምጥና ቀን በሩን ዘግቶ ይጠቀምበታል፤ ሥጋው ጠዋት ከማታው ይልቅ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው። ከሁሉም የሚገርመው በትግርኛ ሞሞና፣ በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው ዛፍ ነው፤ ክረምት ላይ ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል። ሥሩ የከርሰ ምድር ውሃ ጋ ስለሚደርስ በጋው አያስጨንቀውም። ገበሬ ከማሳው የማይቆርጠውም ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ጥላ ስለማይጥልበት ነው።

«የበረሃ ዛፍ ሥር ወደ ታች ብቻ ይወርዳል»

ጥልቅ ሥር መኖሩ እውነት ነው፤ በካላሃሪ በረሃ 68 ሜትር የወረደ ሥር ተገኝቷል። ነገር ግን ውሃና ማዕድን የሚለቅሙት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት የሚገኙት ከላይኛው የአፈር ክፍል ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፉ ጥላ አልፈው ይዘረጋሉ። ስለዚህ ለትልቅ ዛፍ ውሃ ግንዱ ሥር ማፍሰስ ብዙ አይጠቅምም፤ የቅርንጫፉ ጫፍ በሚያርፍበት ዙሪያ ማጠጣት ነው።

«በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ይሻላል»

ብዙ ችግኝ የሚያልቀው በዚህ ነው፤ ሂሳቡም ቀላል ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ካሬ ሜትር ላይ ቢፈስ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። መካከለኛ ደረቅ አፈርን 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ለማርጠብ በካሬ ሜትር 15 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። 2 ሊትር ያፈሰሰ ሰው ታዲያ ያረጠበው ከ1 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ እሱንም ፀሐይ በዚያው ቀን ትወስደዋለች። ሥሩም ዕርጥበት ወዳለበት ስለሚያድግ ላይ ላዩን ይቀራል። ሦስት ቀን ሳይጠጣ የዋለ ዕለት ይደርቃል።

በችግኙ ዙሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ገንዳ ይሠራ፤ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲፈስበት ውሃው ሩብ ሜትር ያህል ይወርዳል። በመጀመሪያው በጋ ይህን በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን አንዴ ማድረግ የዕለት ኩባያውን ያስንቃል። አሸዋማ አፈር ውሃ ስለማይዝ ቀኑ ይቀራረብ። ዋልካ አፈር ቀስ ብሎ ስለሚመጥጥ ጀሪካኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይፍሰስ። ውሃው የት እንደደረሰ ለማወቅ በማግስቱ ቀጭን ፌሮ መውጋት ነው፤ እርጥቡ ድረስ በቀላሉ ይገባል፣ ደረቁ ጋ ይቆማል። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ይልበስ፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ ያበሰብሰዋል።

«ቀትር ላይ የጠወለገ ጠምቶታል»

ሁልጊዜ አይደለም። ቅጠሉ የሚያወጣው ውሃ ሥሩ ከሚያቀርበው ሲበልጥ ለጥቂት ሰዓት ይጠወልጋል፤ ማታ ይመለሳል። በማግስቱ ጠዋትም እንደጠወለገ ካደረ አፈሩን 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ መንካት ነው። ደረቅ ከሆነ ይጠጣ። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ግን ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኗል፤ ተጨማሪ ውሃ ይጨርሰዋል።

«ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ሞቷል»

የቅርንጫፉን ልጥ በጥፍር መፋቅ ነው። ከልጡ በታች አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ።

«የቁልቋል ወተት ውሃ ነው፣ ይጠጣል»

በፍጹም! ነጩ ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ሊያሳውር ይችላል።

«ባሕር ዛፍ የተባለው ባሕር ስለሚያደርቅ ነው»

ስሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነውና። ብዙ ውሃ መሳቡ ግን ሐሰት አይደለም። አንድ ኪሎ እንጨት ለመሥራት ከሌሎች ዛፎች የተለየ ብክነት የለበትም፤ ችግሩ በፍጥነት ማደጉ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል መያዙና በጣም ተጠጋግቶ መተከሉ ነው። ምንጭ ዳርና ረግረግ ላይ መትከል ስህተት ነው። ቆርጦ መገላገልም አይቻልም፤ የድሮው ሥር እንዳለ ስለሚቆይ ጉቶው ያቆጠቁጥና እንደገና ይጠጣል። ጉቶው ካልተነቀለ ቀንበጡን በበቀለ ቁጥር መስበር ያስፈልጋል።