«የማን ልጅ ነህ?»፦ የዘር ቆጠራና የአያት አገር ጉዞ

አያቱ የተወለዱበትን መንደር ፍለጋ መንዝ ወይም ዳሞት የወረደ ሰው ጠያቂ ሆኖ ይሄዳል፣ ተጠያቂ ሆኖ ይገኛል። «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። የአባቱን ስም ይናገራል። «የአባትህስ አባት?» ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስም ላይ ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ፊት ይፈታል። ካልሆነም ሁሉም ዝም ይላሉ። የዘር ሐረግ ፍለጋ በእኛ አገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ ከአፍ።

ሌላ ቦታ ከወረቀት ይጀምራል። እንግሊዝ ውስጥ ደብሮች ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲይዙ የታዘዙት በ1538 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የአያቱን የልደት የምስክር ወረቀት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ማለት ግን ዘር አይቆጠርም ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም ነገረኛ እስኪያስመስል ድረስ ይቆጠር ነበር። ምክንያቱም ሁለት ነው፦ ጋብቻና መሬት።

ጋብቻው ቀለል ይላል። በክርስቲያኑ ደጋ አገር ወንድና ሴት ልጅ ከመተጫጨታቸው በፊት ዝምድና በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። (ከሰባት ቤት ጉራጌ ጋር እንዳይምታታ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።) አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ ምንጅላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅና ቅናጅ ይዘልቃል። የስሞቹ ቅደም ተከተል ከአገር አገር ይለያያል። ከሰባት በታች ከተገናኙ ነገሩ ይቀራል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጎን በኩል የሚከለክለው እህትና ወንድምን፣ አክስትንና አጎትን ብቻ ነው። ባህሉ ከሕጉ እጅግ ይሰፋል። ከአማራ ውጭም ትውልድ መቁጠር አለ። ሶማሌዎች «አብቲርሲ» ይሉታል፤ ልጆች የአባት የአባታቸውን ስም በተርታ በቃላቸው ይይዛሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልስራ። ወላጆች 2 ናቸው፣ አያቶች 4፣ ከዚያ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ ሰባተኛው ላይ 128። ሲደመር 254 ሰው ነው። ሰባት የአባት ስም ሳይነካካ የሚያንበለብል ጎበዝ እንግዲህ ከ254ቱ ሰባቱን አወቀ ማለት ነው።

መሬቱ ነው ከባዱ። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በመንዝና በመሳሰሉት የርስት አገሮች አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው የዋና አባቱ፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ አቅንቶ የያዘው ሰው፣ ተወላጅ መሆኑን በትውልድ ቆጥሮ ሲያስረዳ ነበር። ቆጠራው በአባትም በእናትም ይሄዳል። የእናቱ እናት አባት የሌላ አገር ዋና አባት ዘር ከሆነ እዚያም ሄዶ «ድርሻዬን» ማለት ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ገበሬ አምስትና ስድስት ቦታ መብት ሊኖረው ይችላል፤ የሚያርሰው ግን ሁለቱን ነው። የሚያርስበትን ሐረግ አጥርቶ ያውቃል። የማያርስበትን እየረሳው ይሄዳል።

ለፈላጊው ትልቁ ትምህርት ይሄ ይመስለኛል። ሽማግሌው የሚነግርህ ሐረግ የሐሰት አይደለም፤ ግን ለዳኛ ፊት የተሰናዳ ነው። ሙግት ላይ ሁለቱም ወገን የየራሱን ቆጣሪ ያመጣል። አንዱ የዋና አባቱ ልጆች አራት ናቸው ሲል ሌላው አምስት ናቸው ይላል። አምስተኛው ልጅ መኖር አለመኖሩ የአንድ መስክ ዋጋ አለው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ጠይቆ መመለስ አይበጅም። በርስት ጊዜ ባላንጣ የነበረውን ቤት ልጆችም መጠየቅ ነው፤ እነሱ የሚያስታውሱት እነዚያኞቹ የዘለሉትን ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የቆጠራው ዋና ምክንያት በአንድ ቀን ከሥሩ ተነቀለ። አባት ለልጁ ሐረግ የሚያስጠናበት ጉዳይ ጠፋ። ያኔ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰማንያን አልፏል። ቆጥሮ የተከራከረ ሰው በሕይወት ማግኘት እየከበደ ነው።

ወደ ስም እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ልጅ የአባቱን ስም ይከተላል፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ ስሙ አንድ እርምጃ ይንሸራተታል። ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ይሄ ለፈላጊ እፎይታ ነው። ደስታው ግን ብዙ አይቆይም። በአንዳንድ ገጠር አማት ለምራቷ አዲስ ስም ታወጣለች፣ የመንደሩ ሰውም በዚያው ይጠራታል። አያትህ በተወለደችበት አገር በሌላ ስም ልትታወቅ ትችላለች። ወንዱም የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ እንደነበረው።

ከሁሉ የሚያደናግረው ግን የክርስትና ስም ነው። ምኒልክ ራሳቸው በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ይህን ስም ነው። በብራና ዳዊት መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ሲጠቀስ ወልደ እገሌ፣ ገብረ እገሌ ተብሎ ነው። በክታብ ላይ «ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ማርያም» (አገልጋይህን ወለተ ማርያምን ጠብቃት) የሚል ብታገኝ፣ ወለተ ማርያም የምትባለው ምናልባት ሰፈሩ በሙሉ «አበበች» እያለ ሲጠራት የኖረችው ቅድመ አያትህ ናት። የትኛው ስም የማን እንደሆነ የሚያውቀው የንስሐ አባት ነው። ለፍትሐትና ለተዝካር የሟቹ የክርስትና ስም ያስፈልገዋልና ቤተሰቡን በሁለቱም ስም ያውቃል። ወደ መንደሩ ስትደርስ መጀመሪያ የንስሐ አባቱን፣ እሳቸው ካለፉ የተኳቸውን ፈልግ።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ዓመተ ምሕረት የሚቆጥር ጥቂት ነበር። ሰው የሚለው «በክፉ ቀን»፣ «በህዳር በሽታ»፣ «ጣልያን ሊገባ ሲል» ነው። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ረሀብ ነው። የህዳር በሽታ የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው። ጣልያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ይጠራሉና፣ ከዚህ ላይ የዓመቱ ወንጌላዊ ከተገኘ ዓመቱን የማወቅ ዕድሉ ይሰፋል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለአራት አካፍል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። «ጣልያን ሊገባ ሲል፣ በዘመነ ማርቆስ» ያሉህ እንደሆነ 1926 ላይ ትወድቃለህ። ወሩንማ ታቦቱ ይነግርሃል፤ «የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው» ካሉ ኅዳር 13 መሆኑ ነው።

የተጻፈ ነገር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በጥንታዊ ገዳማትና አድባራት ወንጌል ዳርና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታና ውል ይጻፍ ነበር። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ውስጥ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ የሻጩ፣ የገዢውና የምስክሮቹ ስም ሳይቀር ይገኛል፤ ከሻጮቹና ከገዢዎቹ ውስጥ ሴቶችም አሉ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል፤ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ተራ ገበሬ የነበረን ቅድመ አያት እዚያ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። ባላባት፣ ካህን ወይም መሬት የሸጠ ሰው ከሆነ ይሻላል። ለከተማ ሰው እኔ የምመክረው የእድር መዝገብ ነው። እድርተኛው ቤተሰቡን፣ ወላጆቹን፣ አንዳንዴም አማቶቹን ያስመዘግባል፤ ለማን ቀብር ምን እንደሚከፈል መታወቅ አለበትና። የቤት ውስጥ ደብዳቤዎችና ከፎቶ ጀርባ የተጻፉ ጽሑፎችም አይናቁ።

ጉዞው ላይ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ቦታውን ማግኘት ነው። አያት «አገሬ እገሌ አውራጃ ነው» ብለው ከሆነ አውራጃው የለም። ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ክፍለ ሀገር ክልል ሆነ፣ ቀበሌው ሁለትና ሦስት ጊዜ ተጣምሮ ተከፈለ። የማይነቃነቀው ደብሩ ነው። «በየትኛው ታቦት ነው የተነሱት?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ይሻላል። ለሙስሊም ቤተሰብ መስጊዱና የሼሁ መቃብር እንዲሁ ያገለግላሉ። ከአርሲ፣ ከሐረር ወይም ከሲዳሞ የሚነሳ ፈላጊ ደግሞ አንድ ነገር መጨመር አለበት። በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብና ምሥራቅ የዘመተ ወታደር ብዙ ነውና አያት የየትኛው አለቃ ጦር ውስጥ እንደነበሩ ከታወቀ የመጡበትን አገር መገመት ይቻላል።

ክረምት አይሄድም፤ መንገዱም አይመች፣ ገበሬውም ሥራ ላይ ነው። ጥሩው ጊዜ ከመኸር በኋላ ያለው ነው፤ ጥር ላይ ጥምቀትም ሠርግም አለ። ከሁሉ የሚሻለው የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ነው። ያን ቀን ከየአገሩ የተበተነው ዘመድ አንድ ግቢ ውስጥ ይገኛል። ለቤቱ ቡናና ስኳር፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍና ጃንጥላ ይዞ መሄድ ወግ ነው።

ደብተርህን ግን ወዲያው አታውጣ። ማስታወሻ የያዘ እንግዳ በርስት አገር መልካም ስም የለውም። ጎጃም ውስጥ በ1960 ዓ.ም. ገበሬው ያመጸው አዲሱን የእርሻ ግብር በመቃወም ነበር፤ መሬቴ ተለክቶ ይሄድብኛል የሚል ስጋትም አብሮት ነበር። ዛሬም ከከተማ መጥቶ የአያቱን ድንበር የሚጠይቅ ሰው «ሊካሰስ ነው የመጣው» ይባላል። መሬት እንደማትፈልግ በግልጽ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተናገር። ቡናው ሦስተኛ ከደረሰ በኋላ ወሬው ራሱ ይመጣል።

የማይመጣም ወሬ አለ። አንዳንዱ ሐረግ ድንገት የሚቆመው ስም ስለተረሳ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ስለተዘጋ ነው። የባሪያ ንግድ ሰዎችን ከዘራቸው ነጥቆ በጌታቸው ስም አስጠርቷቸዋል። ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪው «ዘሩ እንዲህ ነው» እየተባለ ስለተገፋ አገር ለቆ ሄዶ አያቱን መናገር የተወ ብዙ ነው። ሽማግሌው እዚህ ጋ ሲደርስ ወሬ ከቀየረ ገፍቶ መጠየቅ ነውር ነው። በተለይ ሰው ባለበት። ብቻህን ስትሆን፣ ምናልባት በሁለተኛው ጉዞህ፣ ራሱ ያነሳው ይሆናል።

በውጭ አገር ላሉት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቤተ እስራኤሎች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። እዚያ ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። በዚህ የተነሳ የአንድ አያት ስም ብዙ ቤት ላይ ተለጥፎ ቆሟል፤ ለፈላጊ ግን ጥሩ ፍንጭ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር እነሱም ዘንድ ጥብቅ ነው። ዛሬ ከእስራኤል መጥተው ጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃንና አምቦበርን የሚጎበኙ አሉ። አሜሪካ ያለው ችግር ደግሞ ፊደሉ ነው። ጸጋዬ የሚለውን ስም ሁለት ወንድማማቾች በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ጽፈውት ልጆቻቸው በወረቀት ባዕድ ሆነው ይቀራሉ።

በጉዲፈቻ የሄዱት ልጆች ፍለጋ ከሁሉ ይከብዳል። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. ከልክላለች። ከዚያ በፊት የሄዱት አድገው ወላጅ ፍለጋ እየመጡ ነው። በእጃቸው ያለው የፍርድ ቤት ወረቀት ላይ የመንደሩ ስም ተሳስቶ፣ ዕድሜው ተቀንሶ ሊገኝ ይችላል። የዲኤንኤ ምርመራ ይረዳል፤ ግን የሚያገናኘው ሌላው ዘመድም ምራቁን ከሰጠ ብቻ ነው፤ ገጠር ያለ ዘመድ ደግሞ አይሰጥም። ከየት አካባቢ እንደሆንክ በግርድፉ ይነግርሃል እንጂ ደብርህን አይነግርህም።

ከመንደሩ ከመውጣትህ በፊት የጻፍከውን ሐረግ ከፍ አድርገህ አንብብላቸው። ድምፅ ቀድተህ መሄድ ብቻ አይበቃም። ስታነብ ከጓዳ አንዲት አሮጊት ብቅ ይሉና «እሱ እኮ ልጁ አይደለም፣ የእህቱ ልጅ ነው፤ እዚህ ያደገ ነው» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ይንጫጫሉ። አንዱ «ኧረ እውነቷን ነው» ይላል። እስክሪብቶህን መልሰህ ታወጣለህ።